አልጠፋ ያለው ቦይለር፦ አጥፍተነው ለምን ይሞቃል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ትርጉሙ በደንብ የገባኝ ግን ባለፈው የእረፍት ጊዜ ነው፤ ያውም አክስቴ ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ቴስተር ይዤ፣ ላብ በላብ ሆኜ ሳለ።

ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን፣ በዚህ ጽሑፍ የአክስቴን ቦይለር መነሻ በማድረግ አንድ የቤት ውስጥ ውሃ ማሞቂያ አልጠፋ ሲል ችግሩን በምን ቅደም ተከተል መፈለግ እንዳለብን ለማስረዳት እሞክራለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። መጀመሪያ ላይ ተሳስቼ ነበር። ስህተቴ አክስቴን ገንዘብ አስወጥቷል፣ አንዲት ምንም ያላጠፋች ልጅን ደግሞ ከእንጀራዋ ሊያፈናቅላት ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

የአክስቴ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ቦይለሩ 80 ሊትር የሚይዝ፣ 1500 ዋት የሆነና መታጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቁመቱን የተሰቀለ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ውጭ ይገኛል። ቦይለሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ከተቃጠለች ዓመት አልፏታል፤ ማንም አልቀየራትም። እንግዲህ ቦይለሩ በርቶ ይሁን ጠፍቶ የሚታወቀው በማብሪያ ማጥፊያው አቀማመጥ ብቻ ነው ማለት ነው።

እዚያ ቤት በሠራተኝነት የምትኖር ልጅ አለች። ቦይለሩን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አብርቶ 3 ሰዓት ላይ ማጥፋት የእሷ ሥራ ነው። ታዲያ በአንድ ወር ቆጣሪው የተነበበው ከሌላው ጊዜ ሦስት እጥፍ ሆኖ መጣ። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር በደረጃ ከፍ ስለሚል የብሩ ጭማሪ ከዚያም ባሰ። በዚያው ሰሞን ጠዋት ጠዋት የሙቅ ውሃው ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ እንፋሎት እየተፋ፣ እየተንጣጣ መውጣት ጀመረ።

አክስቴ ለመፍረድ ጊዜ አልወሰደባትም። «አላጠፋሽውም!»

«ኧረ እትዬ፣ አጥፍቼው ነው የተኛሁት።»

«ታዲያ ውሃውን ማን አፈላው? ሰይጣን?»

የቢሉ ጭማሪ ከደመወዟ በየወሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ከደገመች ደግሞ ወደ አገሯ እንደምትሸኝ ተነገራት። እኔ የተጠራሁት «አንተ ኢንጂነር፣ እስቲ ለማንኛውም እየው» ተብዬ ነው። «ለማንኛውም» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ጥፋተኛዋ ታውቃለች፤ የእኔ ሥራ ማረጋገጥ ብቻ ነበር።

እኔም እንፋሎት መኖሩን ስሰማ «ቴርሞስታቱ ተጣብቋል» አልኩ። አልለካሁም፣ አልጠየቅሁም። ብሬከር አወረድኩ፣ ክዳኑን ፈታሁ፣ አዲስ ቴርሞስታት ተገዝቶ ገባ። በ60 ዲግሪ ላይ አስተካክዬ፣ እጄን ታጥቤ፣ ምሳዬን በልቼ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ስልክ ተደወለ። «ያው ነው፤ ዛሬም እየፈላ ነው። ልጅቷ አትሰማም አላልኩህም?»

እውነቱን ለመናገር ለአፍታ አክስቴን አምኛት ነበር። አዲስ ቴርሞስታት አስገብቻለሁ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሰው መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ይህ የባለሙያ ትልቁ በሽታ ይመስለኛል፦ እኔ የሠራሁት ትክክል ነው ብሎ መነሳት።

ቦይለር ውስጥ ምን አለ?

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት የዕቃውን አሠራር ባጭሩ እንመልከት። የቤት ቦይለር አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት።

አንደኛው ታንከሩ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ይገባል፣ ሙቅ ውሃ ከላይ ይወጣል፤ ሙቅ ውሃ ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይሰበሰባልና።

ሁለተኛው ኤለመንቱ ነው። በብረት ቱቦ ውስጥ የተጠመጠመ ቀጭን የማሞቂያ ሽቦ ሲሆን፣ በሽቦውና በቱቦው መካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቆበታል። ይህ ዱቄት ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ከረንቱን ግን ያግዳል። ቱቦው ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባና ዱቄቱ ማገዱን ያቆማል።

ሦስተኛው ቴርሞስታቱ ነው። የተለመደው ዓይነት ረጅም የነሐስ ቱቦና በውስጡ ሙቀት እምብዛም የማያስረዝመው ዘንግ አለው። ውሃው ሲሞቅ ነሐሱ ይረዝማል፣ ዘንጉ ግን ባለበት ይቀራል። በዚህ ልዩነት መገናኛው ይከፈትና ከረንቱ ይቋረጣል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይዘጋል። ብዙዎቹ በተጨማሪ ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚቆርጥ የደኅንነት መቁረጫ አላቸው።

አራተኛው ሴፍቲ ቫልቩ ነው። ብዙ ጊዜ በ8 ባር አካባቢ ይከፈታል፤ ውሃ ወደ መጣበት እንዳይመለስ የሚከለክል ቼክ ቫልቭም በውስጡ ይኖረዋል። 80 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ይሰፋል። ስለዚህ ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ቫልቩ ጠብ ጠብ ቢል ጤና ነው፤ አንዳንድ ሰው እንደሚያደርገው በፍጹም መድፈን አይገባም።

አምስተኛው ታንከሩን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዚየም ዘንግ ነው። እሱ ለዛሬው ርዕሳችን ብዙም አያስፈልገንም።

ከዚህ ላይ የእኛን ከተማ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በክፍት ድስት የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታንከር ውስጥ ያለ ውሃ ግፊት ስላለበት ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ቧንቧው ሲከፈት ግን ግፊቱ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ከፊሉ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። አክስቴ ቤት ጠዋት የሚተፋው እንፋሎት ይኸው ነበር። ስለዚህ እንፋሎት የሚተፋ ቧንቧ ካያችሁ ፊታችሁንና እጃችሁን አርቁ፣ ብሬከሩን አውርዱ፣ ለብዙ ሰዓታትም ይቀዝቅዝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ እውነት ጠፍቷል?

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩና ልጅቷን ለብቻዋ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር። ዕቃውን በየቀኑ የሚነካው ሰው ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ያውቃል። ዝግ ባለ ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ በየቀኑ አጠፋዋለሁ። ደግሞ ቧንቧውን ስነካው ይነዝረኛል። ለእትዬ ስነግራቸው ቅዝቃዜው ነው አሉኝ።»

በእውነት ደነገጥኩ። አክስቴ ራሷም ሰሞኑን የፍሪጁ በር ነዝሯት ፍሪጁ ተበላሸ ብላ ነበር። ሁለቱን ነገሮች ማንም አላገናኛቸውም።

የዚያን ቀን ማታ በ3 ሰዓት ማጥፊያውን በገዛ እጄ አጠፋሁና እዚያው አደርኩ። ማንም ሰው መታጠቢያ ክፍሉን እንዳይጠቀምም አስጠነቀቅሁ። ጠዋት የሙቅ ውሃ መውጫው ቧንቧ አጠገብ እጄን ሳስጠጋ እየፈላ መሆኑ በርቀት ይሰማ ነበር። እንግዲህ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወይ እኔም «አልሰማም»፣ ወይ ደግሞ ማጥፊያው አያጠፋም ማለት ነው።

ይህን የሚለየው ቀላሉ መሣሪያ እያንዳንዱ ቤት በራፍ ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የሌሎቹን መስመሮች ብሬከሮች በሙሉ አውርዱ። የቦይለሩን ብሬከር ብቻ ተዉት፤ የቦይለሩን ማጥፊያ ግን አጥፉ። ከዚያ ቆጣሪውን ተመልከቱ። የድሮው ዓይነት ከሆነ ሳህኑ መቆም አለበት፤ ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ የምትበራው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ማቆም አለባት።

የእኛ አላቆመችም። በአንድ ደቂቃ 38 ጊዜ ብልጭ አለች። ቆጣሪው ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1600 ብልጭታ ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ፦

38 × 60 ÷ 1600 = 1.425 ኪሎዋት

ጠፍቷል የተባለ ቦይለር 1425 ዋት እየወሰደ ነው ማለት ነው! አክስቴን ጠርቼ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችና «እሺ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» አለች። «ልጅቷ አልዋሸችም ማለት ነው» አልኳት።

ማጥፊያው ለምን አላጠፋም?

መምህራችንን በስልክ አማክሬ፣ የሥራ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛም አስጠርተን አብረን ሠራን። ክዳኑ ተከፍቶ፣ ማጥፊያው እንደጠፋ በቴስተር ስንነካ የኤለመንቱ ጫፍ ላይ ቴስተሩ በራ። ማጥፊያው የተገጠመው በፌዙ ላይ ሳይሆን በኒውትራሉ ላይ ነበር!

ብዙዎቻችን በአንደኛ ዓመት የተማርነው ነው፦ ማጥፊያ ሁልጊዜ ፌዙን ነው መቁረጥ ያለበት። ኒውትራሉን ብቻ ብንቆርጥም ጤነኛ ዕቃ ሥራውን ያቆማል፤ ዑደቱ ተቋርጧልና። ስለዚህ ስህተቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። ፌዙ ግን እስከ ዕቃው ድረስ ገብቶ ተቀምጧል፣ መውጫ ብቻ ነው የሚጠብቀው። በዚህ ቤት ሽቦዎቹ ማጥፊያው ላይ በመገለባበጣቸው ቴርሞስታቱም ሆነ መቁረጫው ያሉበት መስመር ኒውትራሉ ሆኗል። እኔ የቀየርኩት ቴርሞስታት እንግዲህ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር።

መውጫውን ማን ሰጠው? ብሬከሩን አውርደን፣ በቴስተርም መውረዱን አረጋግጠን፣ የኤለመንቱን ሁለት ሽቦዎች ነቅለን በመልቲሜትር ለካን። ከጫፍ እስከ ጫፍ 32 ኦም አገኘን። ይህ ትክክል ነው፦ 220 × 220 ÷ 1500 ወደ 32 ይጠጋል። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጫፍ እስከ ብረት ቱቦው ለካን። ጤነኛ ቢሆን መልቲሜትሩ ምንም ግንኙነት የለም ማለት ነበረበት። እኛ ግን ከፌዙ ጫፍ 24 ኦም፣ ከሌላው ጫፍ 8 ኦም አገኘን። ሁለቱ ሲደመሩ 32 ይሆናሉ። ይህም ማለት ውስጠኛው ሽቦ ከፌዙ በኩል ሦስት አራተኛው ርቀት ላይ ቱቦውን ነክቷል ማለት ነው። ያን ዕለት መልቲሜትሩን ሁለት ደቂቃ ባስነካው ኖሮ ቴርሞስታት አላስገዛም ነበር።

አሁን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። ማጥፊያው ሲጠፋ ከረንቱ በኒውትራል መመለስ አልቻለም፤ ስለዚህ በኤለመንቱ ሦስት አራተኛ አልፎ፣ በተሰነጠቀው ቦታ ወደ ታንከሩ ብረት ወጥቶ፣ በግራውንዱ ሽቦ ወደ መሬት ይገባል። መሬት ለመሬት ሄዶም ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል። ቀደም ብለን ማጥፊያው እንደጠፋ በክላምፕ ሜትር ስንለካ ከረንቱ 6.5 አምፒር ነበር፤ ከቆጣሪው ስሌት ጋር ይገጥማል፦ 6.5 × 220 = 1430 ዋት።

ሒሳቡን ትንሽ እንግፋው። 220 ቮልት ለ6.5 አምፒር ሲካፈል የመንገዱ ጠቅላላ ሬዚስታንስ 34 ኦም ገደማ ነው። ከዚህ 24ቱ የኤለመንቱ ሲሆን ቀሪው 10 ኦም የግራውንዱና የመሬቱ ነው። እንግዲህ፦

በውሃው ውስጥ የሚቀረው፦ 6.5 × 6.5 × 24 = 1014 ዋት

መሬት የሚያሞቀው፦ 6.5 × 6.5 × 10 = 422 ዋት

በግራውንዱ ላይ የሚፈጠረው ቮልቴጅ፦ 6.5 × 10 = 65 ቮልት

አክስቴ ለመሬት ማሞቂያ 422 ዋት ትከፍል ነበር ማለት ነው! የመጨረሻው ቁጥር ግን አያስቅም። ከማጥፊያው ጀምሮ በግራውንድ የተያያዘ ብረት ሁሉ፣ ቦይለሩ፣ የብረት ቧንቧው፣ ፍሪጁ ሳይቀር፣ 65 ቮልት ተሸክሞ ነበር። በደረቅ ቦታ እንኳ ከ50 ቮልት በላይ አደገኛ ተብሎ ይወሰዳል፤ እርጥብ በሆነ መታጠቢያ ክፍል ደግሞ ከዚያም ያነሰው ያሰጋል። ልጅቷን ያተረፋት የላስቲክ ጫማዋ ነው። አንድ ቀን ባዶ እግሯን እርጥብ ወለል ላይ ቆማ ቧንቧውን ጨብጣው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ በዚህ ዓይነት ስሜት አልጽፈውም ነበር።

ብሬከሩስ ለምን አልወረደም?

ይህን ጥያቄ አክስቴም ጠይቃኛለች። መልሱ ቀላል ነው። ብሬከሩ 16 አምፒር ነው። ጤነኛው ቦይለር 6.8 አምፒር ይወስዳል፤ የታመመው ደግሞ 6.5። ለብሬከሩ የታመመው ቦይለር ከጤነኛው የባሰ ሳይሆን ያነሰ ነው የሚመስለው። ብሬከር ሽቦ እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይነዘር ታስቦ የተሠራ አይደለም።

ለሰው የተሠራው አርሲዲ የሚባለው ነው። በፌዝ የሚሄደውንና በኒውትራል የሚመለሰውን ከረንት ያነጻጽራል፤ ልዩነታቸው 30 ሚሊ አምፒር ሲደርስ ይቆርጣል። በእኛ ቤት ያፈተለከው 6500 ሚሊ አምፒር ነው፤ ከ200 ጊዜ በላይ! አርሲዲ ቢኖር ኖሮ ኤለመንቱ በተሰነጠቀበት ዕለት ቤቱን አጥፍቶ «ኧረ እዩኝ» ይለን ነበር።

ሌሎች ምክንያቶችስ?

እርግጥ ነው፣ አልጠፋ ያለ ቦይለር ሁሉ የአክስቴ ቦይለር አይደለም። በመሆኑም የምርመራውን ቅደም ተከተል እንዲህ አስቀምጠዋለሁ።

1ኛ. የቆጣሪውን ሙከራ አድርጉ። ማጥፊያው ጠፍቶ ቆጣሪው ከዞረ ከላይ ያየነው ዓይነት ችግር ነው፤ ወይም ማጥፊያው ራሱ ውስጡ ተጣብቋል። ብሬከሩን አውርዳችሁ ባለሙያ ጥሩ፤ እስኪሠራም ማንም አይታጠብ።

2ኛ. ማጥፊያው በትክክል የሚያጠፋ ከሆነና ችግሩ በበራበት ሰዓት ያለማቋረጥ መሥራቱ ከሆነ፣ ውሃውን ጠይቁት። ከመጠን በላይ ይሞቃል ወይስ አይሞቅም?

3ኛ. ከመጠን በላይ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱን ጠርጥሩ። መገናኛው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ ስለሚኖር በጊዜ ብዛት ሊጣበቅ ይችላል። ወይም ዘንጉ ከማደሪያው ወጥቶ ውሃውን ሳይሆን አየሩን እየለካ ይሆናል። ሽቦውን ነቅላችሁ በመልቲሜትር ስትለኩ፣ ውሃው ከተስተካከለበት ዲግሪ በላይ እንደሞቀ መገናኛው ዝግ ከሆነ፣ አለቀለት፣ ይቀየራል።

4ኛ. መብራቱ ሳይጠፋ ውሃው ግን ለብ ብሎ የሚቀር ከሆነ ቴርሞስታቱን አትንኩት፤ እሱ ሥራውን እየሠራ ነው። ሙቀቱ የት እንደሚሄድ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሙቅ ውሃ መስመር ማፍሰሱ ነው። ለሁለት ሰዓት ማንም ውሃ ሳይጠቀም ከቆየ በኋላ ከቦይለሩ አንድ ሜትር ራቅ ብላችሁ የሙቁን ቧንቧ ዳስሱ። አሁንም ከሞቀ ውሃ እየሄደ ነው።

5ኛ. የመስመሩን ቮልቴጅ ለኩ። የኤለመንት ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። 220 የነበረው ወደ 180 ከወረደ 1500 ዋቱ ወደ 1000 ገደማ ይወርዳል። 80 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በ1500 ዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ በ1000 ዋት ግን አራት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ይህ የቦይለሩ ጥፋት አይደለም።

ቴርሞስታቱን ስታስተካክሉ 60 ዲግሪ ጥሩ ነው። በጣም ዝቅ ማድረግ በታንከሩ ውስጥ ሌጅዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ እንዲራባ ያመቻል። ሆኖም የ60 ዲግሪ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ያቃጥላልና ከቀዝቃዛው ጋር ሳይቀላቀል ሕፃን አይታጠብበትም።

እግረ መንገዴን፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን «ቦይለር» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዕቃ ማለታቸው ነው፤ በጋዝ ወይም በናፍጣ ውሃ አሙቆ በየክፍሉ ወዳሉ ራዲያተሮች የሚልክ የቤት ማሞቂያ። እሱም አልጠፋ ይላል። እዚያ የሚጠረጠሩት የክፍሉ ቴርሞስታት፣ ሬሌይ፣ ወይም በሞተር የሚከፈተው ቫልቭ ውስጥ ያለች ትንሽ ማጥፊያ መጣበቅ ናቸው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ፓምፑ ለጥቂት ደቂቃ ቢዞር ግን ብልሽት አይደለም፤ የተረፈውን ሙቀት እያወጣ ነው። ጋዝ ያለበትን ዕቃ ባለፈቃድ ሰው ብቻ ይክፈተው። ያም ሆኖ ጥያቄው ያው ነው፦ «ሙቅ» ብሎ የሚያዘው ማን ነው? ትእዛዙ ሲቆም ኃይሉ በየት በኩል ይገባል?

መጨረሻው

ኤለመንቱ ሲወጣ ቱቦው ተሰንጥቆ፣ ጠቁሮ አገኘነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የሚጠበቅ ነው። በአክስቴ ቦይለር ላይ የነበረው ቼክ ቫልቭ ስለማይዝ፣ ውሃ ሲጠፋ ሰው የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ሲሞክር አየር ይገባና የታንከሩ ውሃ ወደ ኋላ ይወርዳል። ያን ጊዜ ኤለመንቱ ያለ ውሃ በደረቁ ይነዳል። ስለዚህ ውሃ ሲጠፋ ቦይለርን በብሬከር ማጥፋት ጥሩ ልማድ ነው።

አዲስ ኤለመንት ከነጎማው ተገጠመ። ሴፍቲ ቫልቩ ተቀየረ። ማጥፊያው ፌዙንም ኒውትራሉንም በአንድ ላይ በሚቆርጥ ተተካ፤ አርሲዲም ገባ፣ የተቃጠለችው ቀይ መብራትም ተቀየረች። ከዚያ የቆጣሪውን ሙከራ ደገምን። ማጥፊያውን ያጠፋችው ልጅቷ ናት። ቆጣሪው ዝም አለ።

አክስቴ «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ስትጠቀም ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልሰማሁም። ነገር ግን ማታ ቡና ስትፈላ ልጅቷን አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ የተቆረጠውንም ብር ቆጥራ መለሰችላት። ልጅቷ ደግሞ ከእኔ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቆጣሪው እንዴት እንደሚነበብ። አሳየኋት። አሁን በየወሩ መጀመሪያ የቆጣሪውን ሙከራ የምታደርገው፣ የአርሲዲውንም መሞከሪያ ቁልፍ የምትጫነው እሷ ናት።

እኔም የተማርኩትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው፣ ብሬከር ወርዷል ተብሎ ሽቦ አይነካም። በዚያ ቤት ማጥፊያው እንደተገለባበጠው ብሬከሩም ተገላብጦ ሊሆን ይችል ነበር። መጀመሪያ ቴስተሩን በሚሠራ መስመር ሞክሩት፣ ከዚያ ሽቦውን ነክታችሁ አረጋግጡ። ሁለተኛው፣ ሳይለኩ ዕቃ መቀየር ጥገና ሳይሆን ግምት ነው፤ ግምቱን ደግሞ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። «አጥፍቼዋለሁ»፣ «ይነዝረኛል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ በእጁ መልቲሜትር ባይኖርም፣ እንደ አንድ ንባብ ቁጠሩት። ያች ልጅ ከእኔ በፊት ችግሩን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሳ ተናግራው ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ቦይለሩን አጥፍታችሁ ቆጣሪውን ተመልከቱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቸር እንሰንብት።